እኔና ዘይነባ ሰመራ የተፈተንነው

ስሙኝማ፣ የልጅ ልጄ ዘይነባ ለኮምፒውተር ሥራ ፈተና ተጠርታ ከአዋሽ ሰመራ ይዣት ሄድኩ። የሰመራ ፀሐይ እንዴት ያለች መሰላችሁ! ጥላዬ እንኳ እኔን ትታ በረንዳ ስር ገባች። እኔም ተከትያት ፈተናው ክፍል ዘው አልኩ። ፈታኙ ወጣት ነው፤ ሊያስወጣኝ አፈረና ወንበር ሰጠኝ።

«የክላስና የኦብጀክት ልዩነት ምንድን ነው?» አላት። ልጅቷ ላብ በላብ ሆነች። አራት ዓመት ሙሉ ተምራ አንዲት ቃል ጠፋቻት! ይቺ ሥራ ካመለጠቻት ተመልሳ ከእኔ ጋር ልብስ ስፌት ነው፤ እሷ ደግሞ ስፌት ስትጠላ አይጣል ነው። አላስቻለኝም።

«ዘይኑ፣ የጠየቀሽን ካላወቅሽ የምታውቂውን ንገሪው! የድሪያ ቀሚስ አቆራረጥ አስተምሬሽ የለም ወይ?»

«እናቴ፣ እባክዎ ዝም ይበሉ!» አለኝ ፈታኙ።

ዘይነባ ግን የለበስኩትን ድሪያ አፍጥጣ አየችና ምላሷ ተፈታ። «ክላስ ማለት አያቴ ከካርቶን ቆርጣ ያስቀመጠችው የቀሚስ ልክ ነው። ኦብጀክት ደግሞ በዚያ ልክ የተሰፋው ድሪያ ነው። ልኩ አንድ ነው፣ ድሪያው ግን ብዙ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ።»

ሰውየው ጠረጴዛውን ጠበጠበው። «አለፍሽ! ሰኞ ሥራ ጀምሪ!»

ወላሂ ግራ ገባኝ። ውጭ እንደወጣን ክንዷን ጨብጬ፣ «አንቺ፣ ስፌት እጠላለሁ ብለሽ ያን ሁሉ ተምረሽ፣ አሁን ለእነሱ ድሪያ ልትሰፊ ነው የተቀጠርሽው?» አልኳት።

ስትስቅ ሚሌ ከተማ ድረስ ተሰማች።