እጅ እንጂ አፍ ያልተቀጠረበት ፋብሪካ

ባለፈው ክረምት ክሊኒክ ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ ጎረቤቴ፣ የአንድ ጫማ ፋብሪካ ባለቤት፣ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከሰው ጋር ብዙም አያወሩም። ሰላም ብለውኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ወዲያው የእህታቸው ልጅ ገባች። እሳቸው ጋ ስትሠራ ቆይታ፣ ለቃ ሌላ ጫማ ፋብሪካ የገባች ልጅ ናት።

"አንቺ! ምን እግር ጣለሽ?"

"ጥርሴን አሞኝ ነው፣ ጋሼ። እርስዎስ?"

"ደም ግፊት ነዋ! ከሸጥኩት ጫማ ግማሹ ሶሉ እየተላቀቀ ተመለሰብኝ። እንዲህ ከቀጠለ በሩን መዝጋቴ ነው።"

ልጅቱ ትንሽ አመነታች። "አይቆጡኝ እንጂ፣ ሶሉ እንደማይዝ ሠራተኛው ቀድሞ ያውቅ ነበር።"

"አውቆ ዝም አለኝ? ይኼማ ክህደት ነው!"

"የተናገረችው ምን እንደደረሰባት አይቶ ነዋ። ያቺ ማስቲሽ የምትቀባው ልጅ 'እስኪደርቅ ጊዜ ይሰጠን' ብትልዎ፣ 'እጅሽን እንጂ አፍሽን አልቀጠርኩም' አሏት። እሷም ለቀቀች፤ እኔም ተከተልኳት።"

"ደመወዝ አሳድሬ አውቃለሁ? ሥራ ቦታ ሠርግ ቤት መሰለሽ?"

"በደመወዝስ አይታሙም። ግን ሰው ቀኑን ሙሉ በሚውልበት ቦታ ከቁም ነገር ካልተቆጠረ፣ ልቡን ቤቱ ትቶ ነው የሚመጣው። አሁን ያለሁበት ፋብሪካ አለቃችን 'ምን አስቸገራችሁ?' ብሎ ይጠይቀናል። የቻለውን ያስተካክላል፤ ያልቻለውን አልችልም ይለናል። እኛም ስፌቱ ሲበላሽ ማንም ሳያዘን ማሽኑን እናቆማለን፤ ጫማው የራሳችን ይመስለናላ።"



"እኔ ፋብሪካው ስገባ ወሬው ሁሉ ይቆማል" አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "አከበሩኝ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ቤቴም ጭር ያለ፣ እዚያም ጭር ያለ... እኔንስ ምን አስቸገረህ ያለኝ ማን አለ?"

እኔ ወለል ወለሉን አየሁ። ሠራተኛውን ያራቀው ቁጣ አሠሪውንም ብቻውን አስቀርቶታል።

በማግስቱ ሽማግሌው ሠራተኞቹ መሀል ቆመው "ምን ያስቸግራችኋል?" ብለው ጠየቁ። የመለሰላቸው የለም። ደጋግመው ሲጠይቁ ሰንብተው፣ አንዲት ጫማ ሰፊ "መብራቱ ዓይናችንን ጨረሰው" አለች። ያን ዕለት አስቀየሩት። ከዚያ የሌላውም አፍ ተፈታ፤ ማስቲሹም የመድረቂያ ጊዜ አገኘ። ተመላሹ ጫማ እየቀነሰ፣ የሸሹት ደንበኞች እየተመለሱ መጡ፤ መልቀቂያ የሚጠይቅም ጠፋ። የተደሰተ ሠራተኛ ማንም ሳይጠብቀው ሥራውን የሚጠብቅ መሆኑን ፋብሪካው ራሱ መሰከረ።

ያቺን ማስቲሽ ቀቢ ግን ቤቷ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠይቀው እንድትመለስ ቢለምኗት፣ "ይቅር ብዬዎታለሁ፤ መመለሱን ግን ልቤ እንቢ አለኝ" አለቻቸው። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጫቸዋል።

ትናንት አመሻሽ ላይ በራቸው ላይ አገኘኋቸው።

"ዛሬ እኮ በሶሉ ውፍረት ተከራከሩኝ! ረቱኝ!" ብለው ሳቁ። ከዚያ ጨለማውን ቤታቸውን አየት አደረጉና፣ "ነገም ይከራከሩኛል" ብለው ገቡ።