አሥር ጃኬት ለአራት ጀልባ

ከይርጋጨፌ ወደ ዲላ በምትሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ሦስት የቡና ነጋዴዎች፣ እኔ፣ ከፊቴ ደግሞ አንድ ሽማግሌና ከዲላ ወዲያ ባለው ሐይቅ ላይ የሞተር ጀልባ የሚነዳ ወጣት ነበርን።

«አዲሱ ደንብ ለተሳፋሪ ሁሉ የሕይወት አድን ጃኬት ይላል አሉ?» አሉት ሽማግሌው።

«ይላል ጋሼ። እኛ ለአራት ጀልባ አሥር ጃኬት አለን።»

«ተቆጣጣሪ ሲመጣስ?»

«አንዱን ጀልባ ቆጥሮ ሲያልፍ፣ ከኋላው ለሚቀጥለው እናቀብላለን።»

«አያይም?»

«ያያል እንጂ! ባለፈው፣ ‹ይቺን እርጥቧን ቅድም ቆጥሬያታለሁ፤ ሌላ ጊዜ ጠርጋችሁ አምጡ› አለን።»

«ጉድ ነው! እሱ ሲሄድ ሰው ምን ይለብሳል?»

«ጸሎት።»

«አትቀልድ አንተ!»

«ምን ላድርግ ጋሼ? ጀልባው የኔ አይደለም። ዛሬም ከዲላ አንድ አውቶብስ ተማሪ ሐይቁ ድረስ መጥቷል፣ ቶሎ ድረስ ብለውኛል።»

ስልኬን አወጣሁና፣ ጠዋት የልጄን ክፍል ተማሪዎች ከዲላ ለጉብኝት ይዞ ለሄደው መምህር፣ «መምህር፣ ናሆም ልጄ አሁን የት ነው ያለው?» ብዬ ጻፍኩ።