የአባቴ ግራ እጅ ስለ መንቀሳቀሱ

የምስክር ስም፦ ጣይባ ዓብደላ ከሊድ
ዕድሜ፦ 34
አድራሻ፦ ደሴ ከተማ፣ ቧንቧ ውሃ
ሥራ፦ የጨርቃ ጨርቅ ንግድ
ቃል የተሰጠበት፦ ኮምቦልቻ፣ ረቡዕ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡40

እኔ ከላይ ስሜ የተጻፈው ምስክር፣ ትናንት በኮምቦልቻ ከተማ በአንድ የግል የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ በአቶ አሮን መኳንንት ላይ ስለደረሰው ጉዳት ያየሁትን እናገራለሁ።

አባቴ ሐጂ ዓብደላ የ71 ዓመት ሰው ሲሆኑ፣ ከስምንት ወር በፊት ስትሮክ መትቷቸው ግራ እጃቸው አልታዘዝ አለ። አባቴ ሕክምና በመጥላት ካልሆነ በሌላ አይታሙም። እጅዎን ያንሱ ሲባሉ «እኔ ሕፃን ነኝ ወይ» እያሉ ይቆጡ ነበር። ባለሙያው አሮን ግን ቪአር የሚባለውን፣ ዓይን የሚሸፍን መነጽር ካደረገላቸው ወዲህ፣ በውስጡ ከሚታያቸው ዛፍ ብርቱካን ሊለቅሙ ሲንጠራሩ ሰዓቱ ማለፉን አያውቁም። ከደሴ ለመውረድም ከእኔ ቀድመው ይለብሳሉ። የግራ እጃቸው ግን ከጣቶቹ በቀር አልተንቀሳቀሰም ነበር።

ትናንት ከቀኑ 8፡45 ገደማ አባቴ አስር ለሚባለው የከሰዓት ሶላት ታጥበው፣ ውዱእ አድርገው ተቀመጡ። አሮን በግራቸው በኩል ጎማ ባላት ዝቅተኛ ወንበር ላይ ሆኖ «አብሽሩ አባባ፣ ዛሬ አዲስ ጨዋታ ነው» አላቸው። እሳቸው የሚያዩት በጠረጴዛው ስክሪን ለእኔም ይታየኝ ነበር። ሜዳ ታየ። ቀጥሎ ኳስ በአፉ የያዘ ትልቅ ውሻ ወደ አባቴ ሮጠ። ጨዋታው ኳሱን ከአፉ መቀበል ነው። ውዱእ ያለው ሰው ከውሻ ምራቅ እንደሚሸሽ አሮን የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ስለሆነ ልብ አላለም። እኔ አውቃለሁ። ሥዕል ነው ብዬ ዝም አልኩ፤ እንዲያውም ሳቅሁ። በዚህ አፍራለሁ።

አባቴ «ያ ረቢ፣ አርቁልኝ» ብለው ብድግ ሲሉ፣ የሞተ ያልነው ግራ እጅ ተወርውሮ አሮንን ደረቱ ላይ መታው። ወንበሯ ከሥሩ ሸሸች፤ እሱም ሕመምተኞች ይዘው መራመድ በሚለማመዱበት ብረት ማጅራቱን ተመትቶ ወደቀ። በአፍንጫው ደም መጣ። ስጠራው አልመለሰልኝም። የሞተ መስሎኝ አምቡላንስ ጥሩልኝ ብዬ ጮህኩ።

በአምቡላንስ ደሴ ሆስፒታል እንደገባን፣ ደውዬለት የመጣው ወንድሜ ሂሻም ነገሩን ከእኔ ሰምቶ ነበር። ሐኪሙ «ራሱን ስቶ ነው የወደቀው ወይስ ተመትቶ?» ሲል ጠየቀ። ሂሻም «ራሱን ስቶ ነው፤ የአባታችን እጅ እንደሆነ አይሠራም» አለ። ለእኔም ቀስ ብሎ «አፍሽን ያዢ፣ ሽማግሌ ልታሳስሪ ነው?» አለኝ። የአሮን ባለቤት ሊዲ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር። በእኛ ቃል የተነሳ የማይሆን ሕክምና ይሰጠው ይሆን እያልኩ ፈራሁ፤ አባቴ ይታሰራሉ ብዬም ፈራሁ። ዝም አልኩ።

ዛሬ ከጠዋቱ 1፡30 አባቴ ቁርሳቸውን አልነካ ብለው «ልጁ ነቃ ወይ?» አሉኝ። አልነቃም አልኳቸው። ዱዓ ሊያደርጉለት ሁለቱንም እጃቸውን ዘረጉ። ግራው እስከ ደረታቸው ወጣ። ስምንት ወር ስንለምነው የኖርነው ነገር ነው። ሂሻም መስኮቱን ዘግቶ «አባ፣ እጅዎን ያውርዱ፣ ሰው ያያል» አላቸው። እሳቸውም አወረዱ።

ከዚያ ወጥቼ መጀመሪያ ለሐኪሙ እውነቱን ነገርኩ፤ ቀጥዬ ወደዚህ መጣሁ።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ሳልጨምር ሳልቀንስ ያየሁትን መናገሬን፣ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ጣይባ ዓብደላ
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን እንየው ደምስ (ፊርማ)