ግማሽ ፊት በጥላ

ዝናቡ መንገድ ላይ ባይይዘኝ ኖሮ ወደ ሽማግሌው ሠዓሊ ክፍል አልገባም ነበር። እስኪያባራ በሩ ሥር ተጠልዬ ሳለሁ ከውስጥ ክርክር ሰማሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ክርክር ከሰማሁ እግሬ አይታዘዝልኝም። ገባሁ።

ሽማግሌው የሟቾችን ፎቶግራፍ እያዩ በእርሳስ አሳድገው በመሣል የታወቁ ናቸው። አጠገባቸው የቆመችው የእህታቸው ልጅ ነች፤ ሥዕል ተምራ በቅርቡ ተመልሳለች። ከፊታቸው በቆመው ሰሌዳ ላይ ዓምና የሞተ ዳቦ ጋጋሪ ተሥሏል። ሚስቱ ሥዕሉን አንድ ጊዜ "ይሄ እሱ አይደለም" ብላ መልሳዋለች፤ ዛሬ ረፋዱ ላይ ደግማ ልታየው ትመጣለች። ሽማግሌው ዛሬም ከመለሰችው ዳግመኛ እርሳስ እንደማይነኩ ምለዋል። የምራቸውን ነበር።

ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሥዕሎች አየሁ። ዓይኑም፣ አፍንጫውም፣ ጢሙም በልኩ ነው፤ ግን ሁሉም ዱቄት የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። ሙያውን ያስተማሯቸው ሰው የሟች ፊት ላይ ጥቁር ማሳረፍ ነውር ነው ብለዋቸው፣ ጥላ ጣል ባደረጉ ቁጥር በላጲስ ሲጠርጉ ኖረዋል። ይህን ሲነግሩኝ ኩራት ነበረባቸው። እኔ ግን ተናደድኩ። ስንት ደግ ፊት በዚያ ላጲስ ተጠርጎ ይሆን?

"ጋሼ፣" አለች ልጅቱ በትሕትና፣ "መስመርዎ እንከን የለውም። የጎደለው ብርሃን ነው።"

"ብርሃን? ከዚህ በላይ ምን ይንጣ?"

"ሁሉም ቦታ ከነጣ ብርሃኑ በምን ይለያል? ጨለማ አጠገቡ ካልቆመ ነጭ ወረቀት ብቻ ነው።"

"የሰው ባል ላጥቁርባት? ሐዘኑ አልበቃትም?"

ልጅቱ ልክ ነች ብዬ ጣልቃ ገባሁ። ሽማግሌው ዞር ብለው፣ "መምህር፣ እርስዎ ዝናብ ያስገባዎት ሰው ነዎት" አሉኝ።

ልጅቱ መስተዋቱን ከግድግዳ አውርዳ፣ አጎቷን ከመስኮቱ ጎን አስቀምጣ ፊታቸው ላይ ያዘችላቸው። "ግራ ጉንጭዎ እንዴት ነው?"

"ጨልሟል።"

"ታዲያ ተዋረዱ?"

ጉንጫቸውን ዳሰሱ። እሷም ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ሥዕሉን እንዲያዩት ለመነቻቸው፤ ዝርዝሩ ሲጠፋ ብርሃን፣ ጥላና በመካከላቸው ያለው ግራጫ ብቻ መቅረት ነበረበት። ከሳቸው ሥዕል ግን ምንም አልቀረም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዳቦ የገዛችው ከዚያ ሰው እንደነበር፣ የሚቆምበት ክፍል መስኮት ስላልነበረው ብርሃን የሚያገኘው ከአንድ ወገን ብቻ እንደነበር ነገረቻቸው። የመሣያ ከሰል አንስታ ወደ ወረቀቱ ስትጠጋ ሽማግሌው እጇን ያዙ።

"ከተበላሸ ሌላ የምሥልበት ጊዜ የለኝም።"

"እኔ አልነካውም። ፊቱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።"

ከሰሉን ተቀበሏት። መጀመሪያ ከጀርባው ያለውን አጠቆሩ፤ ቀጥለው ግራ ጉንጩን፣ አንገቱን። በጣም ጥቁሩና በጣም ነጩ ዓይኑ አጠገብ ይገናኙ አለቻቸው፤ የተመልካች ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነውና። እጃቸው በልማድ ላጲስ ፍለጋ ጠረጴዛውን ዳበሰ፤ ልጅቱ ቀድማ ኪሷ ከትታዋለች።

የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ዣንጥላዋን ሳታጥፍ በሩ ላይ ቆመች። ሽማግሌው ከሥዕሉ ፊት ገለል አሉ። ቀረብ ብላ መዳፏን ወደ ሥዕሉ ዘረጋች፣ ወደ ብርሃኑ በኩል፣ ሳትነካው።

"ምድጃውን ከፍቶታል" አለች።

ሥዕሉ ላይ ምድጃ አልነበረም። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ዝናብ እንዳይነካው ጠቅልሉልኝ ስትል ሽማግሌው ቁጭ አሉ።

ይህን ያየ ሰው ጥላን እንደ ስድብ አይቆጥርም። ጥላ ጉንጩን ያወጣዋል፣ ዓይናችንን ወደ ዋናው ነገር ይመራል፣ ያልተሣለውን ሳይቀር ያሳስበናል። ነገር ግን ይህን ለሽማግሌው ማስተማር አላስፈለገኝም። ሴትየዋ እንደወጣች ግድግዳው ላይ ካሉት ሥዕሎች አንዱን፣ የእናታቸውን፣ አውርደው ሰሌዳው ላይ አደረጉ። ከሰሉን በጠፍጣፋው በኩል ይዘው ያንን የነጣ ፊት ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብለው ጥቁር አለበሱት። ልጅቱ እንኳን ደነገጠች።

"ላጲሴን መልሺልኝ" አሉ።

"ደግሞ ሊጠርጉት ነው ጋሼ?"

"አይደለም። መብራት የምታበራው በቀኟ በኩል ነበር" አሉና እጃቸውን ዘረጉ። "ብርሃኑን ላወጣላት ነው።"