ቅቤ ይዤ ወጌሻ ቤት
ስንቱን መርፌ ስወጋ የኖርኩ ነርስ፣ ጉልበቴ አብጦ ሲግልብኝ መርፌ ፈርቼ ሾኔ ከተማ ያሉ ወጌሻ ቤት ሄድኩላችሁ። የገበያ ቀን ነው፤ ሰው እንዳያየኝ በነጠላዬ ተሸፋፍኜ፣ መታሻ ቅቤ ይዤ ገባሁ። አንዴ በሩን፣ አንዴ ጉልበቴን አያለሁ።

«ቶሎ ይሹኝ አባባ፣ ቸኩያለሁ።»

ሽማግሌው ጉልበቴን ነካ አደረጉና እጃቸውን ሰበሰቡ። «ይሄማ አይታሽም።»

«ለምን? እብጠት ሲታሽ አይደል እንዴ የሚጎድለው?» አልኩ ተናድጄ።

«የዛለ ጡንቻ ይታሻል። እንዲህ የሚያቃጥል እብጠት ግን ቢታሽ ይብሳል፤ ሐኪም ቤት ነው የሚኬደው።»

«ማን ነው ያለው?»

ጎንበስ ብለው ነጠላዬ ውስጥ አዩኝ። «አንቺ ነሻ፣ ሲስተር! ወጌሾችን ሰብስበሽ ስታስተምሪን።»

ቅቤውን እዚያው ረስቼ ወጣሁ።