ወላጅ ያልፈረመበት የቤት ሥራ

ይህ ወሬ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ጠዋት ሱሉልታ ላይ በተሳፈርኩበት ታክሲ አንድ አባት አጠገባቸው ከተቀመጠች ሴት ጋር ሲነጋገሩ የሰማሁት ነው።

«አካም ቡልታን፣ ኦቦ» አለቻቸው፣ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ስትል። «በጠዋቱ ወዴት ነው?»

«ወደ ልጄ ትምህርት ቤት። የታሪክ አስተማሪዋ ወላጅ ያልፈረመበትን የቤት ሥራ አይቀበልም። ከዛሬ ካለፈ ደግሞ ዜሮ ነው።»

«ቤት ለምን አልፈረሙላትም?»

«ትናንት እምቢ ብያት ነው። ስለ ከተማችን መንገድ ትልቅ ሰው ጠይቃችሁ ጻፉ ተባሉ። ሲሠራ ድንጋይ ተሸክሜያለሁ አልኳት።»

«ተሸክመዋል?»

«ኧረ እኔ ስመጣ መንገዱ ነበረ።»

«ታዲያ?»

«የአንድ ሰው ቃል አይበቃም የሚል ደንብ አላቸው። ሁለት ጎረቤት ጠየቀች። ‹አባቴ ድንጋይ ተሸክሜያለሁ ይላል፤ ጎረቤቶቻችን ግን መንገዱ ካለቀ በኋላ ነው የመጣው ይላሉ› ብላ ጻፈች።»

«ከነስምዎ?»

«ከነአያቴ ስም።»

«ጉድ ነው። አሁን የጻፈችውን ሊያሰርዟት ነዋ የሚሄዱት?»

«ልፈርምላት ነው እንጂ። የእኔን ቃል እንኳን ሳታጣራ ያልጻፈች ልጅ፣ ከእንግዲህ ማን ያታልላታል?»

በዚያው ቀን ለዩኒቨርሲቲ የማስረክበውን ጽሑፍ ከቦርሳዬ አወጣሁና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ እንደገና ማንበብ ያዝኩ።