ባዶ ወንበር የነዳው መኪና

እማማ ሸዋርካብሽን የሚያህል ሰው በር ላይ ቆሞ ሳለ፣ ጎረቤታቸው አቻምየለህ «እማማ፣ እዩልኝ» ሳይል መኪናውን አቆመ። እንዲህ ያለ ንቀት «31 ሜይ» በሚባለው ሰፈር ታይቶ አይታወቅም! ሰባት ዓመት ሙሉ በዚያች ጠባብ መንገድ፣ መሪው በቀኝ የሆነ መኪና ሁሉ በግራው ያለውን ቦይ የሚያየው በእሳቸው ዓይን ነበር። «ና! ና! በቃ!» የሚሉት እሳቸው ናቸው። ከሰው ጋር የሚነጋገሩትም ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ የቀረው ቀን ከግድግዳ ጋር ነው።

አሁን ግን ልጁ ወረደ፤ በሩን ዘግቶ ስልኩን ቢነካው፣ መኪናው ባዶውን ወደ ኋላ ተስቦ ከግንቡ ሥር ገባ።

«ሰይጣን ነው የሚነዳልህ?»

«እኔው ነኝ፣ እማማ። መሥሪያ ቤታችን የገዛው ነው፤ በስልክ ይታዘዛል።»

«ሕጉስ? ሾፌር ማለት ወንበር ላይ የተቀመጠ ነው። ፊደል ባልቆጥርም ይህ አይጠፋኝም።»

አቻምየለህ ቴክኒክ ኮሌጅ የጨረሰ፣ ጨዋ ልጅ ነው። «አንድ ትራፊክ ጠይቄ ነበር፤ የሚፈቅድም የሚከለክልም አንቀጽ አላየሁም አለኝ። የፈቀዱ አገሮች ግን አሉ፤ ሾፌሩ ቅርብ ቆሞ እያየ፣ ወዲያው ማስቆም እስከቻለ ድረስ። ተቀመጠም ቆመም፣ ያንቀሳቀሰው ሾፌር ነው።»

«ሰው ቢገጭስ? ስልኩን ነው የሚያስሩት?»

«እኔን ነው።»

«ታዲያ ለምን ጀርባህን ሰጠኸው? መኪናው ሲገባ አንተ ከባለሱቋ ከሻምሶ ጋር ትሳሳቅ ነበር። የፍየል ግልገል ከጎማው ሥር ያሸሸሁልህ እኔ ነኝ፣ አንተ የተማርከው!»

ልጁ አንገቱን ደፋ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን እርስዎ ይፍረዱ፤ ወንበር ላይ ብሆን ግልገሏ ጭራሽ አትታየኝም ነበር። እዚህ ቆሞ የሚያይ ሰው ግን ቦዩንም ግልገሏንም ያያል።»

ከውጭ የቆመ ዓይን እንደሚበልጥ ለእማማ ሸዋርካብሽ ማን ይነግራቸዋል? ሰባት ዓመት የቆሙበት ነው! ሾፌር ወርዶ ካየ ጎማ ቦይ አይገባም፤ በር ላይ የሚጫወት ሕፃንም አይዳጥም። ነገሩ ደግ ነው። ግን ከእንግዲህ ማን ያናግራቸዋል?

«ይሁን፣ በስልክህ ይግባ» አሉ በመጨረሻ። «አንተ ግን እዚህ፣ ከጎኔ ትቆማለህ። አንተ መኪናውን፣ እኔ መንገዱን። በል አሁን አውጣውና እንደ ሰው አድርገህ እንደገና አግባው!»